ሻጯ ትንሽ የምታተርፍበት ቱቦ



ናይሮቢ ኪሪንያጋ መንገድ ላይ፣ ሰው ሁሉ ዛሬም በድሮ ስሙ "ግሮጋን" በሚለው ሰፈር፣ የመኪና መለዋወጫ መሸጥ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ከዚያ በፊት በሞያሌ በኩል ልብስና ቅመማ ቅመም ነበር የማመላልሰው። የፍሬን ሸራ ወይም ፊልትሮ የሚፈልግ ደንበኛ ዋጋ ጠይቆ፣ ተከራክሮ፣ ከፍሎ ይሄዳል። የሱባሩ ባለቤት ግን ለብቻው ነው። ስልኩን አውጥቶ የሚያብረቀርቅ ቱቦ ፎቶ ያሳየኛል፤ "ማማ፣ ይሄን ክሮስኦቨር ታመጪልኛለሽ?" ይላል። ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት ልቡ ሄዷል።

በዚህ ዕቃ የምትነግዱ ወይም ለራሳችሁ ልትገዙ የምታስቡ ስላላችሁ የማውቀውን ልጻፍ። አስቀድሜ ግን ጥቅሜን ልናገር፣ ምክሬን በዚያ እንድትመዝኑት። አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እኩል ርዝመት ያለው ሙሉ ሴት ስሸጥ የማገኘው ትርፍ፣ ከመኪና ላይ የተፈታ የፋብሪካ ቱቦ ስሸጥ ከማገኘው ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ "ያገለገለውን ውሰድ" ካልኩ ከኪሴ እያወጣሁ ነው። "አዲሱን ውሰድ" ካልኩ ደግሞ ለምን እንዳልኩ ልትጠይቁኝ መብታችሁ ነው።

ይህ ቱቦ ምንድን ነው?

መኪና ለማያውቁ ጓደኞቼ በአጭሩ ላስረዳ። የሱባሩ ሞተር እንደ ሌላው ቀጥ ብሎ የቆመ አይደለም፤ ተኝቷል። አራት ሲሊንደር ካለው ሁለቱ በቀኝ፣ ሁለቱ በግራ ናቸው፤ ፒስተኖቹም ቦክሰኛ በሁለት እጁ እንደሚመታ ወደ ጎንና ጎን ይወረወራሉ። በእኛ መንገድ የሚበዙት ኢምፕሬዛ ደብልዩአርኤክስ፣ ኤስቲአይና ባለ ቱርቦ ፎሬስተር ላይ ቱርቦው ያለው በቀኝ በኩል፣ ከኋላ ነው። የቀኙ ጭስ ቅርብ ስለሆነ ቶሎ ይደርሳል። የግራው ጭስ ግን ከሞተሩ ሥር አልፎ ወደ ቀኝ መሻገር አለበት። ያንን የሚያሻግረው ቱቦ ነው ክሮስኦቨር የሚባለው። ከዚያ ሁለቱ ተገናኝተው በአንድ ቱቦ ሽቅብ ወደ ቱርቦው ይወጣሉ። ማርሚታው፣ ከኋላ የሚታየው ትልቁ ጫፍ፣ ሁሉም ከቱርቦው በኋላ የሚመጣ ነው።

"ከቱርቦው በፊት" የሚለውን ቃል ያዙልኝ። ከቱርቦ በኋላ ያለ ቱቦ ትንሽ ቢያፈስ ድምፅ ይረብሻል እንጂ ብዙ ጉልበት አይወስድም። ከቱርቦ በፊት ያለ ቱቦ ቢያፈስ ግን ቱርቦውን የሚያሽከረክረው ግፊት ነው የሚያመልጠው። መኪናው ይዘገያል፣ ጠዋት ሲነሣ ቲክ ቲክ ይላል፣ ባለቤቱም ሞተሩ የታመመ ይመስለዋል። ስለዚህ ይህን ዕቃ ስንመርጥ መጀመሪያ የሚታየው ስፋቱ ወይም ውበቱ ሳይሆን ጭስ አለማስመለጡ ነው።

ድምፁ ከየት እንደሚመጣ

ናይሮቢ ሱባሩ ለምን እንደምትወድ ለመረዳት ሳፋሪ ራሊን ማስታወስ ይበቃል። ኮሊን ማክሬ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ሪቻርድ በርንስ ደግሞ በ2000 ሳፋሪን ያሸነፉት በኢምፕሬዛ ነው። ያን ጊዜ በአቧራው ዳር ቆመው ያዩ ልጆች ዛሬ የኔ ዕድሜ ሰዎች ናቸው፤ ልጆቻቸውንም አስለክፈዋል። ውድድሩ በ2021 ወደ ዓለም ሻምፒዮና ተመልሶ ናይቫሻ ላይ መካሄድ ሲጀምር እኔም ሱቄ ውስጥ ለውጡን በደንበኛ ብዛት አይቼዋለሁ።

የሚለክፋቸው ደግሞ በተለይ ድምፁ ነው፤ ያ የሚያጉረመርም፣ እየተንገጫገጨ የሚመጣ ድምፅ። ብዙ ሰው ከማርሚታው የሚመጣ ይመስለዋል። አይደለም። ሲሊንደሮቹ የሚተኩሱት በ1፣ 3፣ 2፣ 4 ተራ ነው። 1 እና 3 በቀኝ፣ 2 እና 4 በግራ ናቸው። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ከቀኝ፣ ሁለት ጊዜ ከግራ ይተኮሳል። የግራው በክሮስኦቨሩ ረጅም መንገድ ስለሚሄድ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ትርታውም እኩል መሆኑ ቀርቶ የሚያነክስ ይሆናል። ያ ማነከስ ነው ሱባሩ የሚያሰኘው።

አሁን አስተውሉ። የአራቱንም መንገድ እኩል የሚያደርግ ቱቦ ብትገጥሙ ትርታው ይስተካከላል፣ ቱርቦው ትንሽ ቀደም ብሎ ይነቃል፣ ድምፁ ግን ይጠፋል። እንደ ማንኛውም ባለ አራት ሲሊንደር መኪና ይጮኻል። ጃፓን ውስጥ የተሸጡት የኋለኞቹ ኤስቲአይ ከፋብሪካ እኩል ርዝመት ይዘው ስለሚወጡ "መኪናዬ ለምን አያጉረመርምም?" ብሎ የሚመጣ ደንበኛ አለኝ። መኪናው ጤነኛ ነው፤ የተሠራው እንደዚያ ነው።

ፎቶ ይዞ የመጣው ልጅ

ባለፈው ዓመት አንድ የኛ ልጅ መጣ። ኢስሊ የሚሠራ፣ ጨዋ፣ ከሳኮ ተበድሮ ያገለገለ ደብልዩአርኤክስ የገዛ ነው። እኔን "እትዬ" ነው የሚለኝ። ስድስት ወር ያጠራቀመውን ይዞ እኩል ርዝመት ያለው ሙሉ ሴት እንዳመጣለት ጠየቀኝ። ገንዘቡ በቂ ነበር። እኔም ያን ወር ገበያ ቀዝቅዞብኝ ነበር።

"ድምፁን ትወደዋለህ?" አልኩት።

"እትዬ፣ የገዛሁት ለድምፁ አይደል እንዴ!"

"እንግዲያው ድምፁን ለማጥፋት ነው የምትከፍለኝ።"

ልጁ ዝም አለ። ፎቶውን የለጠፈው ሰው ይህን አልነገረውም። ወንበር ሰጥቼው ለማንኛውም ደንበኛ የማቀርባቸውን አራት ጥያቄዎች ጠየቅሁት። እነሆ ለእናንተም።

አንደኛ፣ ቱርቦህ ስንት ቀዳዳ ነው? መካኒኮች ትዊን ስክሮል የሚሉት ቱርቦ ጭሱን በሁለት ጎዳና ነው የሚቀበለው፤ 1 እና 2 በአንዱ፣ 3 እና 4 በሌላው። ስለዚህ ወደ ቱርቦው የሚወጣው ቱቦም፣ ከሥር የሚገናኝበት ፍላንጅም ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው። ተራው ባለ አንድ ቀዳዳ ነው። አንዱ በሌላው ላይ አይገጥምም። ሞዴሉን በስም ብቻ አትመኑ፤ በዚህ ከተማ ሞተሩ ያልተቀየረ አሮጌ ኤስቲአይ ማግኘት ቀላል አይደለም። መኪናውን ከፍ አድርጋችሁ በዓይናችሁ እዩት።

ሁለተኛ፣ መሪው በየት በኩል ነው? ኬንያ፣ ዩጋንዳና ታንዛኒያ መሪ በቀኝ ነው፤ ኢትዮጵያ በግራ። ቱርቦውም በቀኝ ስለሆነ በእነዚህ አገሮች መኪና ላይ የመሪው ዘንግ ከቱርቦው ቱቦ ጋር ተጠጋግቶ ነው የሚወርደው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ቱቦ ብዙ ጊዜ ዘንጉን ይነካል። ሻጩ "ለቀኝ መሪ ይሆናል" ብሎ በጽሑፍ ካላረጋገጠላችሁ አትዘዙ። መሪ የሚነካ የጋለ ቱቦ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሦስተኛ፣ የት ነው የምትነዳው? ናይሮቢ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር በላይ ነች፤ የአየር ግፊቱ ከሞምባሳ ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ወደ አንድ አራተኛ ይቀንሳል። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦው የጎደለውን ለመሙላት የበለጠ መሽከርከር አለበት፤ ስለዚህ ለመንቃት ይዘገያል። በጣም ሰፊ ቱቦ መግጠም የጭሱን ፍጥነት ስለሚቀንሰው መዘግየቱን ያብሰዋል። ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚነዳ ሰው የተጻፈ ምክር ለእኛ ደጋ አይሆንም። መንገዱም አለ፤ ክሮስኦቨሩ ከሞተሩ ሥር ነው፣ ድንጋይና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ወደ ታች የሚንጠለጠል ቱቦ ለገጠር መንገድ አይመከርም።

አራተኛ፣ ሌላው የሞተሩ ክፍል በምን ሁኔታ ላይ ነው? የጊዜ ቺንጊያው መቼ ተቀየረ? ልጁ እዚህ ላይ "ሻጩ ደህና ነው ብሎኛል" አለኝ። ወረቀት የለውም። በዚያ ሞተር ላይ ቺንጊያው በ100,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይቀየራል፤ ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተሩም ያልቃል። የስድስት ወር ቁጠባውን ዕድሜው በማይታወቅ ቺንጊያ በሚዞር ሞተር ሥር ሊያስር ነበር። አባቶቻችን "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" የሚሉት ይህን ዓይነቱን ነው።

ባለ ሁለት ቀዳዳዎቹ አራት ካርቶኖች

ስለ ቀዳዳው ለምን እንደምጨነቅ ልንገራችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ሻርጃ ከሚገኝ አንድ ሻጭ አራት ሴት አዘዝኩ። ባለ አንድ ቀዳዳ መሆኑን በጽሑፍም በሥዕልም ልኬ፣ "አዎ" የሚል መልስ ተቀብዬ ነው የከፈልኩት። ካርቶኖቹ ሞምባሳ ደርሰው፣ በባቡር ናይሮቢ መጥተው ስከፍታቸው አራቱም ባለ ሁለት ቀዳዳ ናቸው። ስደውል "ያው ነው፣ መሐሉን አስቆርጪው" አለኝ። ከዚያ በኋላ ስልክ አላነሣም።

ዋና ገንዘቤ አራት ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል። የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። የማውቀው ደላላ መጥቶ ዓይቶ "ችግር የለም" አለኝ። "'ለሁሉም ሱባሩ ይሆናል' ብለሽ ለጥፊው፤ የኤልዶሬትና የኪሱሙ ልጆች በኤምፔሳ ከፍለው ያስልካሉ። መመለሻ ትራንስፖርቱ ስለሚከብዳቸው አይመልሱም።" ልክ ነበር፤ አይመልሱም ነበር። በሳምንት ውስጥ ገንዘቤ በእጄ ይገባ ነበር።

ያን ሌሊት ቁጭ ብዬ አሰብኩ። የንግድ ሥራ ዲፕሎማ ስማር ከሒሳብ መዝገብ ትምህርት የማልረሳው አንድ ነገር አለ፤ መልካም ስም ገንዘብ ያህል ዋጋ እንዳለው፣ ሱቅ ሲሸጥ እንኳ ከመደርደሪያው ዕቃ ለይተው እንደሚተምኑት። እኔ እዚህ አገር መሬት የለኝም፣ ቤት የለኝም፣ ወንበሬም ኪራይ ነው። ያለኝ ይኼ ብቻ ነው፤ "ከሐበሻዋ ከገዛህ የነገረችህ ዕቃ ነው" የሚለው ወሬ። አራት ልጆች ኤልዶሬት ላይ የማይገጥም ቱቦ ታቅፈው ቢቀመጡ ወሬው በአንድ ቀን ይገለበጣል።

ክፍያውን ከዕቁባችን አስቀድመው እንዲሰጡኝ ለምኜ ከፈልኩ። ካርቶኖቹ ላይ በትልቁ "ባለ ሁለት ቀዳዳ ብቻ" ብዬ ጻፍኩ። ለመሸጥ ሰባት ወር ፈጁ። ገዢዎቹ በትክክል ያ ቱርቦ ያላቸው ሰዎች ነበሩ፤ ከእነሱ መካከል ሁለቱ ዛሬም ለዘይት ፊልትሮ ሳይቀር ከእኔ ውጭ አይገዙም። ትርፍ አላገኘሁባቸውም። ከዚያ ወዲህ ግን ማንኛውም ሻጭ ፍላንጁን ሜትር አስደግፎ ፎቶ ካላነሣልኝ ቀብድ አልልክም።

ዕቃው በእጅ ሲገባ

አሁን ደግሞ የምታዩትን ላሳያችሁ። አዲስ ቱቦ ሁሉ "ስቴንለስ" ነው የሚባለው። ስቴንለስ ግን ዓይነቱ ብዙ ነው። ጥሩው 304 የሚባለው ነው፤ በውስጡ ወደ 18 በመቶ ክሮሚየምና ወደ 8 በመቶ ኒኬል አለ። ርካሹ 409 ክሮሚየሙ 11 በመቶ አካባቢ ነው፤ ፋብሪካዎች ራሳቸው ለጭስ ማውጫ ይጠቀሙበታል፣ ቀለሙ ይለወጣል እንጂ መጥፎ አይደለም። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። 409 ይስባል፣ 304 አይስብም ወይም በጣም ትንሽ ነው። ይሁን እንጂ በማግኔት ብቻ አትመኑ፤ 201 የሚባል ርካሽ ስቴንለስ አለ፣ ኒኬሉን ቀንሰው በማንጋኒዝ የተኩት፣ እሱም አይስብም። እሱን የሚያጋልጠው ዋጋው ነው። ከሌላው በግማሽ የሚሸጥ "304" ካያችሁ ተጠራጠሩ።

ቀጥሎ ውፍረቱን በካሊፐር ለኩ። ግድግዳው ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደህና ነው፤ ከዚያ በጣም ከሳሳ ይሰነጠቃል። ለምን እንደሚሰነጠቅ ላስረዳ። 304 አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ብረት ሙቀቱ በ600 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 10 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ተራ ብረት ደግሞ ወደ 7። ቱቦው በሁለት በኩል በሞተሩ ላይ ታስሯል። መኪናው በተነሣ ቁጥር ይረዝማል፣ በቆመ ቁጥር ያጥራል። የሚሰጥበት ቦታ ከሌለው ብየዳው ላይ ይከፈታል። ስለዚህ ከውጭ ብየዳው እኩል መሆኑን፣ ከውስጥም በባትሪ እያበራችሁ የብረት ጠብታ አለመንጠልጠሉን እዩ። ያ ጠብታ ተነቅሎ ቢሄድ የሚያገኘው ቱርቦውን ነው።

ያገለገለ የፋብሪካ ቱቦ ከሆነ ሦስት ነገር ነው የማየው። ፍላንጁ ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ካለ ያፈስ ነበር። ፍላንጁን በመስታወት ላይ አስተኝቼ ወረቀት ከሥሩ እገፋለሁ፤ ወረቀቱ ካለፈ ተጣሟል፣ በማሽን ካልተላጠ አይሆንም። ከዚያ በሌላ ብረት አንኳኳዋለሁ፤ ጤነኛው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ይህን ያሳዩኝ ከሱቄ ጀርባ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ፈንዲ ናቸው፤ ምዜ ነው የምላቸው። መጀመሪያ አካባቢ ሴት ስለሆንኩ የማላውቅ መስሏቸው የሚፈትኑኝ መካኒኮች ነበሩ። ካሊፐሬን ሳወጣ ፈተናው ቀረ።

አዲስ ጋስኬት ሁልጊዜ ግዙ። የድሮውን መልሶ መግጠም የአንድ ቀን ሥራ ሁለት ጊዜ መሥራት ነው። ዝገት የበላው ቡሎን ሲፈታ ሊሰበር ስለሚችል ከመፍታቱ በፊት በነበረው ምሽት ዘይት እንዲነከር ንገሩት። የሙቀት መከላከያ ላሜራውንም አታስጥሉ፤ አዲሶቹ ቱቦዎች ብዙዎቹ የላቸውም፣ ሙቀቱ ግን የዘይት ፊልትሮውንና በአቅራቢያው ያለውን ጎማ ሁሉ ያገኛል።

ስለ ጁዋ ካሊም ልጨምር። በአገር ውስጥ የሚበይዱ ወንድሞቻችን የተሰነጠቀ የፋብሪካ ቱቦ በጥሩ ሁኔታ ይጠግናሉ፤ እኔም እልካለሁ። ከባዶ አዲስ ክሮስኦቨር መሥራት ግን ሌላ ነው። ሞተሩ ላይ አስረው እየለኩ ካልበየዱት በሁለት ሚሊ ሜትር ይስታል፣ በጉልበት ጎትተው ሲያስሩትም የመሰንጠቁ ቀጠሮ ያን ቀን ይያዛል።

ሒሳቡ

ነጋዴዎች፣ ይህ ለእናንተ ነው። እኩል ርዝመት ያለው ሴት ከባድ አይደለም፤ ቦታ ግን ይበላል። በአየር ስታስጭኑ የሚከፈለው ከእውነተኛ ክብደቱና ከስፋቱ በሚበልጠው ነው። ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር አባዝታችሁ ለ6,000 አካፍሉ። 80 በ60 በ40 የሆነ ካርቶን 32 ኪሎ ይሆናል፣ ብረቱ 10 ኪሎ ቢሆን እንኳ። ክሮስኦቨሩ ብቻ 70 በ25 በ25 ቢሆን ግን 7 ኪሎ ከጥቂት ነው። ስለዚህ ቱቦው ርካሽ ሆኖ መንገዱ ውድ ሊሆን ይችላል። እኔ ሙሉ ሴት በባሕር፣ ነጠላ ክሮስኦቨር በአየር ነው የማመጣው።

በቡሲያ ወይም በማላባ ወደ ካምፓላ የምታሻግሩ ደግሞ አትሳሳቱ። እስከ 2,000 ዶላር ለሚደርስ ዕቃ የተፈቀደው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ የቀለለ የንግድ ሥርዓት የሚሠራው በአባል አገሮች ለተመረተ ዕቃ ነው። ለቲማቲምና ለባቄላ የሚሆነው ወረቀት ለጃፓን ቱቦ አይሆንም። ደረሰኙ ላይ "የመኪና ዕቃ" ብላችሁ ደፍናችሁ አታስጽፉ፤ ጭስ ማውጫ ቱቦ በጉምሩክ ታሪፍ ቁጥር 8708.92 ነው፣ ከሞተሩ ጋር የሚታሰረው ማኒፎልድ ግን ብዙ ጊዜ በሞተር ክፍሎች ቁጥር ይመደባል። የቱ እንደሆነ ትራንዚተራችሁን ዕቃው ከመነሣቱ በፊት ጠይቁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው፤ ድንበር ላይ መልቀም ደግሞ በቀን ይከፈልበታል።

ታዲያ የቱን?

መልሴ ይህ ነው። መኪናችሁ ባለ አንድ ቀዳዳ ቱርቦ ካለው፣ ከፋብሪካ በወጣበት ጉልበት ከነዳችሁት፣ ድምፁንም ከወደዳችሁት፣ ያልተሰነጠቀ የፋብሪካ ክሮስኦቨር ከአዲስ ጋስኬት ጋር ይበቃችኋል። እኔ የማተርፈው ትንሹን ነው፤ እናንተ ግን የቀረውን ገንዘብ ለሞተሩ ታውሉታላችሁ። መኪናችሁ ባለ ሁለት ቀዳዳ ከሆነ ያንኑ ዓይነት ፈልጉ፣ አታማርጡ። ለውድድር የምታዘጋጁት ከሆነ፣ ቱርቦውን ወደ ትልቅ የምትቀይሩ ከሆነ፣ ኮምፒዩተሩንም የሚያስተካክል የታመነ ሰው ካላችሁ፣ እኩል ርዝመት ያለውን ግዙ፤ ያኔ ሦስት እጥፉን ትርፌን በደስታ እቀበላለሁ። ቱቦውን ቀይሮ ኮምፒዩተሩን ሳያስተካክል የሚነዳ ሰው ግን ለሞተሩ የማያውቀውን ምግብ እየሰጠው ነው።

ያ የኢስሊ ልጅ ያገለገለውን ወሰደ። ደስ አላለውም፤ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። በቀረው ገንዘብ ምዜ ዘንድ ቺንጊያውንና የውኃ ፓምፑን አስቀየረ። ምዜ የወጣውን ቺንጊያ አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት፤ ጀርባው በሙሉ ተሰነጣጥቋል፣ ጠርዙም መፈትፈት ጀምሯል። ምንም አላሉም፣ ሻይ አዘዙና ተቀመጡ። ልጁ አሁንም በሁለት ወር አንድ ጊዜ እየመጣ የዚያን የሚያብረቀርቅ ሴት ዋጋ ይጠይቀኛል። እነግረዋለሁ። አንድ ቀን ይገዛው ይሆናል፤ ገንዘቡ የሱ ነው፣ ዕድሜውም ነው። የሚገዛ ቀን ግን ድምፁ እንደሚሄድ አውቆ፣ ሞተሩም ጤነኛ ሆኖ ነው የሚገዛው።

መልካም ገበያ ይሁንላችሁ። ፍላንጁን በሜትር አስደግፋችሁ ፎቶ ማስነሣት አትርሱ።